ከስልክ ተገኝቶ ከኮምፒውተር የሚጠፋው አቅራቢ

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። እዚሁ ጅማ ለአንድ ቡና ተቀባይ ቢሮ የአቅራቢዎች መመዝገቢያ በፒኤችፒ ሠርቼላቸዋለሁ። ላፕቶፔ ላይ በኤክሳምፕ ሲሠራ እንከን አልነበረውም። ሆስቲንጉ የሚጠቀመው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ስለሆነ ወደዚያ ካዞርኩት ወዲህ ግን ፍለጋው ተበላሸ። አጋሮን በላቲን ፊደል ከስልክ ሲፈልጉ ይመጣል፤ ቢሮ ያለችው ልጅ ከኮምፒውተር ስትፈልግ ‹ምንም አልተገኘም› ይላታል። የአማርኛ ስሞችም አንዳንዴ ይጠፋሉ። የሚጻፈውን ሁሉ ኮዱ ውስጥ ወደ ትንሽ ፊደል ብቀይረው ይስተካከላል?»

ወንድሜ፣ ያሰብከውን ብቻ ብታደርግ ከስልክ ይመጣ የነበረውም ይጠፋብሃል። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ከዚያ ደግሞ መጨረሻ ላይ እንደ ዘበት ጣል ያደረግካትን የአማርኛ ስሞች ነገር አነሳለሁ፤ ለእኔ ዋናው ችግርህ እሷ ናት። ትእዛዞቹን በፊደላችን እየጻፍኩልህ ነው፤ ኮድህ ላይ ስታስገባቸው ወደ ላቲን መልሳቸው።

መጀመሪያ የስልኩን ምሥጢር እንፍታ። የስልክ ኪቦርድ የመጀመሪያውን ፊደል ማንም ሳያዘው ካፒታል ያደርጋል። አቅራቢዎቹን አጋሮ፣ ሊሙ፣ ሰቃ ወርደው የመዘገቡት ሰዎች በስልክ የመዘገቡ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው በትልቁ ኤ የሚጀምር አጋሮ ነው። ከስልክ የሚፈልገውም ሳያውቀው ያንኑ ይጽፋል፤ ይገናኛሉ። የቢሮዋ ልጅ ግን መኪና ተደርድሮ እየጠበቃት ሺፍት የምትይዝበት ምን ጊዜ አላት? ሁሉንም በትንሹ ትጽፋለች፣ ወይም ካፕስ ሎክ በርቶ ይቀርና ሁሉም በትልቁ ይሆናል። ሌላም አለ፦ ስልኩ የሚያቀርበውን ቃል ነክተህ ስትቀበል ከኋላው ባዶ ቦታ ይጨምራል። በዓይን አይታይም፤ ለዳታቤዙ ግን አንድ ሙሉ ፊደል ነው። የሚመጣውን ሁሉ በትሪም ከግራና ከቀኝ ጥረግ።

ለኮምፒውተሩ ፊደል ማለት ቁጥር ነው። ትልቁ ኤ 65፣ ትንሹ ኤ 97፤ ቢም ሲም እስከ ዜድ ድረስ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ርቀት 32 ነው። 65ና 97 እኩል ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን የሚወስነው ኮሌሽን የሚባለው የማወዳደሪያ ደንብ ነው። ኤክሳምፕ ውስጥ ያለው ማሪያዲቢ የተባለው ዳታቤዝም ሆነ ራሱ ማይኤስኪውኤል ምንም ካልነገርከው የሚይዘው ኮሌሽን ስሙ በ«ሲአይ» ያበቃል፤ ትልቅና ትንሽ አይለይም ማለት ነው። በ«ሲኤስ» ወይም በ«ቢን» የሚያበቃ ከሆነ ይለያል። ላፕቶፕህ ላይ የሠራልህ ኮድህ አይደለም፤ ማንም ሳይነግርህ ሲሸፍንልህ የነበረው ይኸው ደንብ ነው። ፖስትግሬስ እንዲህ ያለ ውለታ አይውልም። የእኩል ምልክቱም ላይክም (በከፊል የሚመሳሰለውን የሚፈልገው ትእዛዝ) ፊደል በፊደል ነው የሚያዩት። ሰርቨሩ ተበላሸ አትበል፤ የተለየ ልማድ ያለው ቤት ነው የገባኸው።

ኤስኪውላይት የሚባለውን ትንሽ ዳታቤዝ ለሞባይል ብትጠቀም ደግሞ ሦስተኛ ጠባይ ታገኛለህ፦ በእኩል ምልክት ይለያል፣ በላይክ አይለይም፤ አለመለየቱም ለ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ነው። ሦስቱን እያቀያየረ የሚሠራ ሰው ይህን ካላወቀ ከአንዱ የለመደውን ሌላው ላይ ይጠብቃል።

አሁን ያንተን ሐሳብ እንየው። የተፈለገውን ቃል በፒኤችፒ ወደ ትንሽ ብትቀይረው፣ የተቀመጠው በትልቁ ኤ ነውና ከየትም ቢፈለግ አይገናኙም። ሲመዘገብም ወደ ትንሽ ልቀይረው ብትል የሰው ስም በደረሰኝ ላይ በትንሽ ፊደል ጀምሮ ይወጣል። ደረሰኝ ላይ ስሙ ተበላሽቶ ያገኘ ነጋዴ ምን እንደሚልህ ጅማ ላይ ለኖረ ሰው አልነግርም።

ዛሬ ማታ ማስታገሻ ከፈለግክ ላይክ ያልክበትን አይላይክ በለው፤ እሱ ትልቅና ትንሽ አይለይም። በእኩል ምልክት የምታወዳድር ከሆነ ወደ ትንሽ ፊደል የሚቀይረውን ሎወርን በሁለቱም ወገን አድርግ፤ በኮለሙም፣ በተፈለገውም ቃል ላይ። በአንድ ወገን ብቻ ካደረግከው ከላይ ያልኩህ ይደርስብሃል። ፒኤችፒ ውስጥ ካስፈለገህ ስትርቱሎወር የሚባለውን ወደ ትንሽ መቀየሪያ ትተህ ኤምቢ የሚል የሚቀድመውን ያዝ። ተራው ስትርቱሎወር ከፒኤችፒ 8.2 ጀምሮ የሚነካው 26ቱን ፊደላት ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ደግሞ እንደ ሰርቨሩ ሎኬል (የቋንቋ ቅንብር) ባይት በባይት ይሄድ ነበር። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ «ጅማ» በስትርሌን ስትቆጠር ስድስት ነው የምትልህ፣ በኤምቢው ሁለት። ባይት በባይት የሚሄድ መሣሪያ አማርኛ ላይ አታሰማራ።

ኢንዴክስም አለ፤ ዳታቤዙ ቶሎ እንዲያገኝ የሚሠራለት ማውጫ ነው። ኮለሙን በሎወር ስትጠቀልለው በኮለሙ ላይ የሠራኸው ተራ ኢንዴክስ አያገለግልም፤ ዳታቤዙ ሪከርዶቹን ከላይ እስከ ታች ያነብባል። ጥቂት ሺህ አቅራቢ ላለው ቢሮ ልዩነቱን አታየውም። ሲበዛ ግን በሎወር ላይ ራሱ ኢንዴክስ ይሠራል፤ ፖስትግሬስ ይህን ከጥንት ጀምሮ ይቀበላል፣ ማይኤስኪውኤልም ከ8.0.13 ወዲህ። ከቃሉ በፊት የመቶኛ ምልክት አስቀድመህ የምትፈልግ ከሆነ ግን ይህም ኢንዴክስ አይረዳህም።

የላቲኑ ጉዳይ ይህን ያህል ነው። የአማርኛው ግን ከዚህ ይከብዳል።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። ብዙ ልጆች ይህን ይዘው «አማርኛ ላይ ይህ ችግር የለም» ሲሉ እሰማለሁ። እኔም እል ነበር። ከዓመታት በፊት ለአንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል መፈለጊያ ሠራሁ። አንድ ቀን ጠርተውኝ ሄድኩ፤ አንዲት እናት መስኮቱ ላይ ቆማ «ካርድማ አለኝ፣ ባለፈውም አለኝ» እያለች ትከራከራለች። የካርድ ሠራተኛው ስሟን ይጽፋል፣ «የለም» ይላል፣ አዲስ ካርድ ሊያወጣላት ነው። ወንበሩን ተቀብዬ ተቀመጥኩና ስሟን በሌላ አጻጻፍ ሞከርኩት። ሦስት ካርድ ነበራት። አንዱ ፀሐይ፣ አንዱ ጸሀይ፣ ሦስተኛው ፀሃይ። የመድኃኒቷ ታሪክ ለሦስት ሰው ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ሠራተኛው አላጠፋም፤ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ።

ቁጠረው እስቲ። ጸ በሁለት መልክ ትጻፋለች፤ ሀ ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሆና በስድስት። «ፀሐይ» የምትለው ባለ ሦስት ፊደል ስም ብቻዋን 12 አጻጻፍ አላት። «ኃይለ ሥላሴ»ን በዚሁ መንገድ ብትቆጥር፣ ተለያይቶና ተጋጥሞ መጻፉን ጨምረህ 48 ይደርሳል። ዓለም አለም፣ ሣራ ሳራ፣ ዓይናለም አይናለም... የእኛ «ካፒታልና ስሞል» ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ ለላቲኑ ዳታቤዙ ዝግጁ ደንብ አለው፤ ለእኛ የለውም። ማይኤስኪውኤል ላይ በ«ሲአይ» የሚያበቃውን ኮሌሽን ብትይዝም ሀና ሐ ለእሱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ላፕቶፕህ ላይ ስትሞክር ያላየኸው ስሞቹን የጻፍከውም የፈለግከውም አንተው ራስህ ስለሆንክ ነው፤ ሰው የራሱን አጻጻፍ አይስትም።

መፍትሔው ግን ከላቲኑ ጋር ያው ነው፣ የቁጥር ርቀት። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ላይ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ ነው) ሲገባ እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ይዞ በተርታ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ሐ ከሀ 16 ቦታ ትርቃለች፤ ሑም ከሁ 16፣ ሒም ከሂ 16። ሠ ከሰ በ16 ትቀድማለች። ኀ ከሀ 128፣ ዐ ከአ 48፣ ፀ ከጸ 8። አምስት ቤት በሰባት ሆሄ 35 ፊደል ይሆናል፤ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ የምትመልስባቸውን ሁለት ስትጨምር 37። ባለ 37 መሥመር ሰንጠረዥ ነው ጠቅላላ ሥራው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በል። በሉፕ የምትሠራው ከሆነ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱን ብቻ ውሰድ፤ ስምንተኛው ቦታ ላይ የተቀመጡት በየቤቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሁለተኛ፣ ሓና ኃን በቀጥታ ወደ ሀ፣ ዓንም በቀጥታ ወደ አ ላካቸው። ወደ ሃ ልከህ «ከዚያ ሃ ወደ ሀ ትሄዳለች» ካልክ አንዴ ብቻ የሚያልፈው ፋንክሽን ሃ ላይ ጥሏቸው ይሄዳል። እኔ በዚህ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ። ኸን አልነካትም፤ ከከ ጋር የምትቀያየርበት ጊዜ ስለሚበዛ ከጥቅሟ ጣጣዋ ያመዝናል።

ይህን ሁሉ የት ነው የምታስቀምጠው? ፒኤችፒ ውስጥ አታስቀምጠው ባይ ነኝ። ዛሬ የፍለጋ ገጽ አለህ፣ ነገ የሪፖርት ገጽ ትጨምራለህ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ልጅ ከኤክሴል መጫኛ ይሠራበታል፤ አንዱ ጋ መጥራት ይረሳል። ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ፋንክሽን ሥራ፣ «ቁልፍ» በለው። ጽሑፍ ይቀበላል፤ ሎወር ያደርገዋል፣ በትራንስሌት 37ቱን ፊደላት ይመልሳል፣ ባዶ ቦታና ሁለት ነጥብ ያወጣል። የኢሚውተብል ምልክቱን፣ ለአንድ ጽሑፍ ሁልጊዜ ያንኑ መልስ ይሰጣል የሚለውን፣ አትርሳ፤ ያለሱ ኢንዴክስ አይሠራበትም። ከዚያ ከስም ኮለሙ አጠገብ «የስም ቁልፍ» የሚባል ኮለም ጨምር። ፖስትግሬስ 12ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጀነሬትድ ኮለም አድርገው፤ ስሙ በተጻፈ ወይም በታረመ ቁጥር ራሱ ይሞላል፣ የሚረሳ ሰው የለም። ኢንዴክሱን በእሱ ላይ ሥራ። ስትፈልግ «ሰለክት ኮከብ ፍሮም አቅራቢ፣ የስም ቁልፉ በቁልፍ ፋንክሽን ካለፈው ከተፈለገው ቃል ጋር እኩል የሆነበት» ነው የምትለው። በሁለቱም ወገን ያው አንድ ፋንክሽን። ሎወርን በሁለቱም ወገን አድርግ ያልኩህ ምክር ነው፣ ሰፋ ብሎ። ማይኤስኪውኤል ላይ ብትቀር ኖሮ ትራንስሌት ስለሌለው በተደራራቢ ሪፕሌስ ነበር የምትሠራው፤ ከዚህ አንጻር ወደ ፖስትግሬስ መዞርህ ጠቀመህ።

የተመለሰውን ቁልፍ ግን ለሰው አታሳይ። ሠረቀ ብርሃን የሚባል አቅራቢ ቢኖርህ ቁልፉ ውስጥ «ሰረቀ» ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ያንን ደረሰኝ ላይ ብታትም ፀሐይ መውጣቱ ቀርቶ ሰውየው ሌባ ሊሆን ነው! የሚታየው ባለቤቱ የጻፈው፣ የሚፈለገው ቁልፉ።

በጭረት የሚያጥሩ ስሞችም ይመጡብሃል። ገ/ን ገብረ ብሎ መዘርጋት እምብዛም አያሳስትም። ወ/ ግን ወልደም ወለተም ሊሆን ይችላል፣ ከስም ፊት ሲሆን ደግሞ ወይዘሮ ነው። ኃ/ ኃይለም ሀብተም፣ ተ/ ተክለም ተስፋም። ፕሮግራሙ እንዲገምት አትተወው። ሲመዘገብ ሙሉውን እንዲጽፉ ከሳጥኑ ሥር አንዲት መሥመር ማሳሰቢያ አድርግ፤ ለድሮዎቹ ቁጭ ብሎ የሚያርም ሰው ይሻላል።

ጅማ ውስጥ ስለሆንክ የአፋን ኦሮሞውን ካላነሳሁ ግማሹን አልነገርኩህም። ቁቤ በላቲን ስለሆነ የትልቅና ትንሹ ነገር ሎወር ካደረግክ ይፈታል። የማይፈታው የፊደል መደጋገም ነው። አባ ጅፋርን አንዱ በአንድ ቢ፣ ሌላው በሁለት ቢ ይጽፋል፤ በቁቤው ደንብ የሚጽፈው ደግሞ ኤውንም ይደግማል። የከተማው ስም ራሱ በአንድ ኤም፣ በሁለት ኤም፣ መጨረሻው ላይ በሁለት ኤ ተጽፎ ታገኘዋለህ። የተደጋገመውን ሁሉ ወደ አንድ መመለስ ያጓጓል፣ ግን በአፋን ኦሮሞ መርዘሙ ትርጉም ይቀይራል፤ መሬት የሚለው ለፋና ለስላሳ የሚለው ላፋ በአናባቢው ርዝመት ነው የሚለያዩት። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ በዋናው ቁልፍ እፈልጋለሁ፤ ምንም ካልመጣ ብቻ ድግግሞሹን ባጠፋው ሁለተኛ ቁልፍ ፈልጌ «ይህን ማለትዎ ነው?» ብዬ ዝርዝሩን አሳያለሁ። ውሳኔው የሰው ነው።

ሁድሃም አለች፣ ከላይ የምትንጠለጠለዋ ምልክት። ዛሬ የሚለው የአፋን ኦሮሞ ቃል እንኳ መሀሉ ላይ አለችበት። አንዱ ኪቦርድ ቀጥ ያለችውን ይሰጣል፣ ከወርድ የተቀዳው ጽሑፍ ጎበጥ ያለችውን ይዞ ይመጣል፤ ለዳታቤዙ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ከቁልፉ ሁሉንም አውጣቸው። ቀጥ ያለችው ደግሞ የኤስኪውኤል ጥቅስ ምልክትም ናት። ቃሉን ኮድህ ውስጥ ከትእዛዙ ጋር በነጥብ እየቀጠልክ የምትልክ ከሆነ ሁድሃ ያለበት ስም በተፈለገ ቁጥር ገጹ ይሰበራል፤ ተንኮለኛ ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ይገባል። በፒዲኦ፣ በፒኤችፒው የዳታቤዝ መገናኛ፣ ትእዛዙን ፕሪፔር አድርገህ ቃሉን ለብቻው ላከው። ይህን የምልህ በምክር አይደለም፣ በግዴታ ነው።

አሁን ያሉትን ሪከርዶች በተመለከተ፣ ጀነሬትድ ኮለሙን ስትጨምር ነባሮቹም አብረው ይሞላሉ። ወዲያው በቁልፉ ግሩፕ ባይ አድርገህ ከአንድ በላይ የሆኑትን አውጣ። ትደነግጣለህ። ያኔ ክሊኒኩ ላይ ዝርዝሩን አትሜ ስሰጣቸው ኃላፊዋ መጀመሪያ የያዘችው አታሚው ተበላሽቶ ደጋግሞ ያወጣው መስሏት ነበር። ራስህ አታዋህዳቸው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ ስም ከነአባታቸው መያዛቸው ብርቅ አይደለም፤ ስልክ ቁጥርና ቀበሌ አጠገቡ አድርገህ ዝርዝሩን ለቢሮዋ ልጅ ስጣት፣ እሷ ሰዎቹን በመልክ ታውቃቸዋለች። በስም ቁልፉ ላይ ዩኒክ (ድግግሞሽ የሚከለክለውን ደንብ) አታድርግ የምልህም በዚሁ ምክንያት ነው። የመግቢያ ስም ከሆነ ግን ዩኒክ አድርግበት፤ በትልቁና በትንሹ ብቻ የሚለያዩ ሁለት አካውንቶች ጠብ ያመጣሉ። የይለፍ ቃልን ደግሞ በምንም ፋንክሽን አታሳልፈው፤ ሰውየው እንደጻፈው ሀሽ ይደረግ፣ ማለትም ወደ ኋላ ወደማይፈታ ኮድ ይቀየር።

አንድ የረሳሁት። ላፕቶፕህ ዊንዶውስ ከሆነና አንድ ቀን ወደ ሊኑክስ ማይኤስኪውኤል ብትመለስ፣ እዚያ የቴብል ስም ራሱ ትልቅና ትንሽ ይለያል፤ ዊንዶውስ ላይ አይለይም። ፖስትግሬስ ደግሞ በጥቅስ ውስጥ ካላስገባኸው የቴብልና የኮለም ስሙን ሁሉ ወደ ትንሽ ይመልሰዋል። ስለዚህ ስሞቹን ከመጀመሪያው ሁሉንም በትንሹ ስጣቸው፣ ነገሩ ይዘጋል።

ስትጨርስ አንተ አትሞክረው። ያቺ ልጅ ካፕስ ሎክ አብርታ አጋሮን ትጻፍ፤ ከዚያ ከስልክ የቀረበላትን ቃል ነክታ ትቀበል፤ ከዚያ ፀሐይን ደስ ባላት አጻጻፍ ሦስቴ ትሞክር። አንዱ ከጠፋ የፋንክሽኑን ጽሑፍ ላክልኝ፣ አየዋለሁ።